ለእድሮቻችን፣ ለሰበካ ጉባኤዎቻችንና ለመስጊድ ኮሚቴዎቻችን፦ እናቶቻችንን ወንዝ ዳር እናውጣቸው

ግልጽ ደብዳቤ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ለምትገኙ እድሮች፣ ማኅበራት፣ ሰበካ ጉባኤዎችና የመስጊድ ኮሚቴዎች

ጉዳዩ፦ በወር አንድ ቅዳሜ ወላጆቻችንን በፖቶማክ ወንዝ ዳር ስለማራመድ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

እኛ ሕንጻ ውስጥ ከአገር ቤት የመጡ አራት እናቶች ይኖራሉ። ሊፍት ውስጥ እንገናኛለን። “እንዴት አደሩ እማማ?” ስላቸው “እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ” ይሉኛል። ወዴት እየሄዱ እንደሆነ ስጠይቃቸው መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው። አንዷ ልብስ ማጠቢያው ክፍል። ሌላዋ ፖስታ ሳጥኑ ጋ። ሦስተኛዋ የትም አይሄዱም፤ ሊፍት ውስጥ የሚገቡት ሰው ለማየት ነው። አራተኛዋ ሰባተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ከጫፍ ጫፍ ይመላለሳሉ። ሐኪም “ይራመዱ” ብሏቸዋል። ልጃቸው ሁለት ሥራ ነው የምትሠራው። ኮሪደሩ መስኮት የለውም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በእሳቸው ምክንያት ነው። በእናቴም ምክንያት።

እናቴ ከዳንግላ የመጣችው የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እኔን ለማረስ ነበር። ለስድስት ወር ብላ መጥታ አራት ዓመት ቆየች። አገሯ ሳለች ቤተ ክርስቲያኑንም፣ ገበያውንም፣ ለቅሶውንም በእግሯ ነበር የምትደርሰው። እዚህ በመጣች በሁለተኛው ዓመት ጉልበቷ ያዛት። ስኳሯም ከፍ አለ። ሐኪሙ በቀን ግማሽ ሰዓት እንድትራመድ አዘዘ። እኔም እሺ አልኩ። ግን የት? ከቤታችን ፊት ያለው መንገድ ስድስት መስመር ነው። መኪናው ይከንፋል፤ እሷ ደግሞ መብራት እስኪለቀቅ እንኳን ልቧ አይረጋም ነበር። ሞል ወሰድኳት። አንድ ዙር ዞራ ወንበር ላይ ተቀመጠች። “ሰው ምንም ላይገዛ ዕቃ ሲያይ ይውላል?” አለችኝ። ሁለተኛ አልሄደችም።

በዚያው ሰሞን አንድ ማኅበር (ስሙን ልተወው) የበጋ ጉዞ አዘጋጀ። ወላጆችም ይምጡ ተባለ። ደስ ብሎኝ እናቴን ይዣት ሄድኩ። የተወሰድነው ግሬት ፎልስ የሚባለው ፏፏቴ አጠገብ ወደሚገኘው ቢሊ ጎት ወደሚባለው መንገድ ነው። ስሙ ራሱ የወጠጤ መንገድ ማለት ነው። ከገደል አፋፍ ላይ፣ ዐለት ለዐለት፣ በእጅም በእግርም የሚወጣበት ቦታ አለው። ለወጣት ደስ ይላል። አንዲት እናት ግን ቁርጭምጭሚታቸው ዞረ። የእኔዋ ግማሽ ሳትደርስ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ እናቶቹ “የእግር ጉዞ” ሲባል “እሱ የእናንተ የልጆቹ ነው” ማለት ጀመሩ። ማኅበሩም ሁለተኛ አልጠራቸውም።

የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ? ያ ዐለታም መንገድ የሚገነጠለው ከአንድ ሰፊ ሜዳ መንገድ ላይ ነው። በዚያን ቀን እናቶቻችን ወደ ዐለቱ ባይታጠፉና ሜዳውን ይዘው ቀጥ ቢሉ ኖሮ የፈለጉትን ያህል ተራምደው፣ እየተጫወቱ ይመለሱ ነበር። ማንም አላሰበውም። እኔም አላሰብኩትም።

ያ ሜዳ መንገድ ከዲሲ ጆርጅታውን ይነሳና የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ እስከ ከምበርላንድ ሜሪላንድ ድረስ ይዘልቃል። ርዝመቱ 184.5 ማይል ነው፤ ወደ 297 ኪሎ ሜትር። ስሙ ሲ ኤንድ ኦ ካናል ነው፤ ካናል ማለት ድሮ ጀልባ የሚሄድበት የውሃ ቦይ ነው፣ መንገዱም የቦዩ ዳር ነው። ብዙዎቻችን ጆርጅታውን ላይ ቡና ስንጠጣ ጫፉን አይተነዋል። ወደ ላይ ወደ ገጠሩ ሲኬድ ምን እንደሚመስል ግን ያየን ጥቂት ነን።

እኔም ያወቅኩት በሥራ ባልደረባዬ ነው። “ለእናትሽ የሚሆን መንገድ አለ፤ ዳገት የለውም” አለችኝ። እንቁጣጣሽ ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ ራይሊስ ሎክ ወደሚባለው ቦታ ሄድን። ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ 40 ደቂቃ ያህል ነው የሚነዳው። የሞንትጎመሪ ካውንቲ በ1980 (የምጠራው ዓመትና ወር ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) 93 ሺህ ኤከር ያህል መሬት ለእርሻ ብሎ ስለከለለ፣ ከተማው ሲያልቅ በቆሎው ይጀምራል። እናቴ በቆሎውን ስታይ የመኪናውን መስኮት አወረደች።

ወርደን መንገዱ ላይ ቆምን። ግራ ቀኝ አየችና “ዳገቱ የት ጋ ነው?” አለችኝ።

“የለም እማዬ።”

“ቁልቁለቱስ?”

“እሱም የለም።”

አላመነችኝም። ትንሽ ሄደች። መንገዱ የተደለደለ አፈርና ደቃቅ ድንጋይ ነው። በአንድ በኩል ፖቶማክ አለ፤ ሰፊ፣ ዝም ብሎ የሚሄድ ወንዝ። በሌላው በኩል የድሮው ቦይ አለ። ትላልቅ ዛፎች ከሁለቱም ወገን ገጥመው ጥላ ይሰጣሉ። ለሦስት ሰው ጎን ለጎን ይበቃል። የሕፃን ጋሪ ያለ ችግር ይሄዳል፤ እኔም ልጄን እየገፋሁ ነበር። ከራይሊስ ሎክ እስከሚቀጥለው ቫዮሌትስ ሎክ አንድ ማይል እንኳን አይሞላም። እዚያ ድረስ ሄደን ተመለስን። አንዴም “ደከመኝ” አላለችም። መኪናው ጋ ስንደርስ ግን ቆም አለችና “እንዲህ ያለ ቦታ እያለ ነው ሁለት ዓመት ቤት ያስቀመጥሽኝ?” አለችኝ። በቁጣ አልነበረም። እውነት ገርሟት ነው። እኔ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

መንገዱ ለምን እንዲህ ሜዳ እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ለእናቶቻችሁ ስታወሩላቸው ይወዱታል። የበቅሎ መንገድ ስለሆነ ነው። ቦዩ መቆፈር የጀመረው ሐምሌ 4 ቀን 1828 ነው። ከምበርላንድ የደረሰው በ1850። ከተራራው የድንጋይ ከሰል ወደ ዲሲ የሚያወርዱት ጀልባዎች ሞተር አልነበራቸውም። በዚህ መንገድ ላይ በቅሎዎች ረጅም ገመድ ይዘው ይጎትቷቸው ነበር። አንዱ ጀልባ እስከ 120 ቶን ይጭናል። በቅሎዋ እንዳትደክም መንገዱ ዳገት ሊኖረው አይገባም፤ ውሃም ዳገት አይወጣም። ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ ያለው ጠቅላላ ከፍታ 605 ጫማ ነው። ያንን ከፍታ የሚወጡት 74 የውሃ በሮች ላይ ነው፤ “ሎክ” የሚባሉት እነሱ ናቸው። ጀልባው ይገባል፣ ከኋላው በሩ ይዘጋል፣ ውሃ ይለቀቅበታል፣ ውሃው ሲሞላ ጀልባው ከፍ ይላል፣ የፊቱ በር ይከፈታል። በአንዱ በር ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ነው የሚወጣው። ከአንዱ በር እስከሚቀጥለው ድረስ ግን መሬቱ እንደ ምጣድ ልጥ ያለ ነው። ለአንድ ማይል ቢከፋፈል አንድ ሜትር ከፍታ ነው የሚደርሰው። እግር አያውቀውም።

ይህን ለእናቴ ስነግራት “በቅሎ ትጫናለች እንጂ ትጎትታለች እንዴ?” አለች። ከዚያ የጠየቀችኝ ሁሉ ስለ በቅሎዎቹ ነበር። ስንት ሰዓት ያሠሯታል? ማን ያበላታል? እኔም አንብቤ መለስኩላት። በየስድስት ሰዓቱ ያህል ይቀያየሩ ነበር። ተረኛ ያልሆኑት እዚያው ጀልባው ላይ በተሠራላቸው ጋጣ ውስጥ ያርፋሉ። በቅሎ በጀልባ ተጭና መሄዷ በጣም ደስ አላት። በስልክ ለዳንግላ ዘመዶቿ ሁሉ አወራችው። የጀልባው ባለቤት ሚስትና ልጆችም እዚያው ይኖሩ ነበር፤ በቅሎዎቹን ይዘው በእግራቸው የሚሄዱት ብዙ ጊዜ ልጆቹ ናቸው። ቦዩን ከቆፈሩት መካከል ብዙዎቹ ከአየርላንድ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። በ1832 ኮሌራ ገብቶ ብዙዎቹን ጨረሳቸው። እናቴ ይህን የሰማች ቀን ቆማ አማተበች። “የሰው ልጅ ለእንጀራ ብሎ” አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ከዚያ ወዲህ በወር ሁለት ጊዜ ያህል እንሄድ ነበር። የበለጠ የወደድነው ከቫዮሌትስ ሎክ ወደ ታች እስከ ፔኒፊልድ ሎክ ያለውን ነው። ሁለት ማይል ተኩል ገደማ ነው። ከቫዮሌትስ ወደ ታች ቦዩ ውስጥ ውሃ ስላለ ኤሊዎች በወደቀ ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ግራጫ ሽመላ በአንድ እግሯ ቆማ ዓሣ ትጠብቃለች። እናቴ ሽመላዋን ስታይ ድምፅዋን ትቀንስ ነበር። እንድንጠጋት አትፈቅድም። ግንዳቸው ወደ ላይ እየነጣ የሚሄድ ግዙፍ ዛፎች አሉ፤ ሲካሞር ይባላሉ። ዘኬዎስ የወጣበት ሾላ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስሙ ይኸው ሲካሞር ነው። ዛፉ ሌላ ነው፤ የእኛ ሾላ አይደለም። እናቴ ግን ስሙን ከሰማች ወዲያ ባለፈች ቁጥር ግንዱን በእጇ ትነካው ነበር።

ስለ መስከረም ልንገራችሁ። በዚያ በመጀመሪያው ቀን፣ ወደ መንገዱ ስንገባ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ርጥብ ሣር ላይ ቢጫ አበባ ፈክቶ ነበር። እናቴ እጄን ያዘችኝ። “አደይ!” አለች። እኔ “አይደለም እማዬ፣ እዚህ አገር አደይ የለም” አልኳት። ተሳስቼ ነበር ማለት ይቻላል። አደይ አበባ ቢደንስ ከሚባለው የአበባ ወገን ናት። እዚህም የዚያው ወገን የሆኑ ቢጫ አበቦች ልክ በዚያው ወር በወንዝ ዳርና በረግረግ ሜዳ ላይ ይፈካሉ። የአክስት ልጆች በሏቸው። እናቴ አንድ ዘንጥፋ ልትወስድ ጎንበስ አለች። ፓርክ ስለሆነ መቁረጥ ክልክል ነው ስላት አበባዋን በመዳፏ ደገፍ አድርጋ አሸተተቻትና ለቀቀቻት።

ጉልበቷ ዳነ አልላችሁም። ደረጃ መውረድ እስከ መጨረሻው ይከብዳት ነበር። ሜዳ ላይ መራመድ ግን ጉልበትን እንደ ቁልቁለት አያስጨንቅም፤ ለዚህ ነው እዚያ ሳታማርር የምትሄደው። ሌሊት መተኛት ጀመረች። የስኳር መለኪያዋን ቁጥር ስትነግረኝ ፊቷ ይፈካ ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ የምታወራው ነገር አገኘች። ባለፈው ዓመት ወደ አገሯ ተመልሳለች። ስደውልላት ከልጆቼ ቀጥላ የምትጠይቀኝ “ወንዙ ደህና ነው?” ብላ ነው።

አንድ ታሪክ ልጨምር። ይህ መንገድ ዛሬ ባልኖረ ነበር። በ1924 ጎርፍ ቦዩን አበላሸውና የጀልባው ሥራ ቆመ። መንግሥት በ1938 ገዛው። በኋላ በላዩ የመኪና መንገድ ሊሠራበት ታቀደ። በ1954 ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ዕቅዱን ደግፎ ጻፈ። ያኔ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ዊልያም ዳግላስ ለጋዜጣው ደብዳቤ ላኩ። ኑና ከእኔ ጋር ሙሉውን መንገድ በእግር እንሂድ፤ ከዚያ ሐሳባችሁን ትቀይሩ ይሆናል አሏቸው። የጋዜጣው ሰዎች እሺ ብለው መጡ። በመጋቢት ወር ስምንት ቀን ተጓዙ። ብዙ ሰው ጀምሮ መጨረሻው የደረሱት 9 ሰዎች ነበሩ። ዳኛው 55 ዓመታቸው ነበር። ጋዜጣው አቋሙን አለዘበ፤ የመኪናው መንገድም ሳይሠራ ቀረ። በ1971 ቦታው ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። እኔ ዳኛ አይደለሁም። ግን ደብዳቤ ተጽፎ፣ ሰው ጫማውን አጥብቆ ወጥቶ፣ በዓይኑ አይቶ ሐሳቡን እንደሚቀይር ይህ መንገድ ራሱ አሳይቶኛል።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ከሚያዝያ እስከ ኅዳር፣ ወላጆቻችንን ወደዚያ አውጧቸው። አዲስ ኮሚቴ አያስፈልግም። ገንዘብም አያስፈልግም። በግሬት ፎልስ በር ለመኪና ይከፈላል፤ በራይሊስ፣ በቫዮሌትስ፣ በፔኒፊልድና በስዌይንስ ሎክ ግን በነጻ ነው። የሚያስፈልገው መኪና ነው፤ ምክንያቱም አውቶቡስ እዚያ አይደርስም፣ እናቶቻችን ደግሞ አይነዱም። ብዙ ቤተ ክርስቲያኖቻችን ቫን አላቸው። እድሮቻችን ሰው ሲሞት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሠላሳ መኪና ይሰበስባሉ። ይህን አቅም በዓይኔ አይቼዋለሁ። አባቴ አገር ቤት ያረፈ ቀን ቤቴን የሞላችሁት እናንተ ናችሁ። በሕይወት ላሉት እናቶችም አምስት መኪና በወር አንድ ጊዜ ይውጣ ነው የምለው።

ጊዜውን አስቤበታለሁ። በጾም ወቅት እናቶቻችን ሰውነታቸው ይደክማል፤ ያኔ ማራመድ ተገቢ አይደለም። ከፋሲካ እስከ በዓለ ሃምሳ ግን ጾም የለም። አየሩም ያኔ ነው የሚጥመው፤ ሙቀቱ ገና አልመጣም፣ ዛፉ ለጋ ቅጠል አውጥቷል። ሙስሊም እናቶቻችንም ከረመዳን ውጭ ባለው ጊዜ አብረው ይምጡ። እኛ ሕንጻ ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የማገኛቸው እናት ሙስሊም ናቸው፤ ከኮሪደሯ እናት ጋር ሊፍት ውስጥ ሲገናኙ አይላቀቁም።

ከልምዴ ጥቂት ልንገራችሁ። ጠዋት ቶሎ ሂዱ፤ መኪና ማቆሚያዎቹ ትንንሽ ናቸው፣ በቅዳሜና እሁድ ይሞላሉ። ዝናብ ከዘነበ ሁለት ቀን ጠብቁ፤ ጭቃ ይይዛል። ነጠላ ጫማ አይሆንም፣ ሸራ ጫማ ይሁን። ብስክሌት ከኋላ ሲመጣ ቃጭል ይመታል፤ እናቶች ቀኛቸውን ይዘው እንዲሄዱ ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ አለበለዚያ ይደነግጣሉ። ሣር ውስጥ አይግቡ። መዥገር አለ፤ ላይም የሚባል በሽታ ታመጣለች። ቤት ስትገቡ እግራቸውንና ልብሳቸውን እዩላቸው። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ሐረግም አለ፣ ሲነኩት ሰውነት ያሳክካል። እባብ አለ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አለ እላችኋለሁ፤ ከመንገዱ የማይወጣን ሰው ግን እሱም ይሸሸዋል። ወንዙ ውስጥ ግን ማንም አይግባ። ላይ ላዩን የተኛ ይመስላል፤ ከሥሩ የሚጎትት ኃይል አለው፣ በየጊዜው ዋናተኛ እንኳን ይወስዳል። የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ስለሌለ ፌስታል ያዙ፤ የበላነውን ልጣጭ ይዘን እንመለስ። ቡናውም ቤት ተፈልቶ በፔርሙዝ ይምጣ። ቆሎና ዳቦ ካለ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ልጆች ለሆንን ለእኛም አንድ ቃል አለኝ። “ጊዜ የለኝም” የሚለውን አውቀዋለሁ። ሁለት ዓመት እኔም ያልኩት እሱን ነው። ለዚህ ነው ጉዳዩን ወደ እድርና ወደ ሰበካ ጉባኤ ያመጣሁት። የአንዷ ልጅ ቅዳሜ ሥራ ከገባች የሌላዋ ልጅ ትውሰዳቸው። የእኔ እናት እዚህ የለችም፤ መኪናዬ ውስጥ ግን ሦስት ባዶ ወንበር አለ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ ጠዋት በ3 ሰዓት፣ ራይሊስ ሎክ መኪና ማቆሚያው ላይ እጠብቃችኋለሁ። ሁለት ትልልቅ ፔርሙዝ ቡና ይዣለሁ። እስከ ቫዮሌትስ ሎክ ሄደን እንመለሳለን፤ የቻለ ይቀጥላል። የሰባተኛ ፎቋን እማማ አነጋግሬያቸዋለሁ። ከእኔ ጋር ነው የሚመጡት። የእግራቸውን ቁጥር ጠይቄ ሸራ ጫማ ገዝቼላቸዋለሁ፤ ትናንት ኮሪደሩ ላይ አድርገውት ሲለማመዱ አየኋቸው።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት ልጃችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ